የልጅነት ቡድናችን፦ ከጎንደር ሜዳ እስከ ካርቱም ሁለት



የመጽሔቱ አዘጋጆች «ከየቤተሰቡ አንድ የታሪክ ጽሑፍ ይምጣ» ሲሉን፣ ከጎንደርና ከአካባቢው መጥተን በካርቱም ሁለት ጎረቤት ሆነን የኖርን ጥቂት ቤተሰቦች በስልክ ተጠራርተን መከርን። ስለ ማኅበሩ አመሠራረት፣ ስለ ዕድራችን፣ ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት የሚጽፉ ከእኛ የተሻሉ ሰዎች አሉ። እኛ ደግሞ ብዙዎች ቀላል ነገር ነው ብለው የሚያልፉትን፣ እኛን ግን ከልጆቻችን ጋር አጣልቶ መልሶ ያስታረቀንን ጉዳይ ለመጻፍ ተስማማን። ጉዳዩ ኳስ ነው።

በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልነው በእኛው አቆጣጠር ሲሆን፣ የውጭውን ስንጠቅስ «እ.ኤ.አ.» ብለናል።

የጨርቅ ኳስ ዘመን

እኛ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ጎንደር ላይ ልጆች ነበርን። ኳሳችን የጨርቅ ነበረች። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ቁራጭ ጨርቅ ይጠቀጠቅና በሲባጎ ይጠፈራል። ዝናብ ሲመታት እንደ ድንጋይ ትከብዳለች፣ በባዶ እግር የመታት ልጅ ማታ እያነከሰ ቤቱ ይገባል። እናቱ «ምን ሆነህ ነው?» ስትለው «ወድቄ» ይላል። ካልሲው የማን እንደነበረ የሚታወቀው ግን አባትየው ለቤተ ክርስቲያን ሲነሡና ጫማቸው አጠገብ አንዱን እግር ብቻ ሲያገኙ ነው።

ከሰፈር ጨዋታ በላይ ግን አንድ ትልቅ ስም ነበረን፤ ፋሲል። ቡድኑ በ1960ዎቹ የተመሠረተ ሲሆን ስሙን ያገኘው ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. ከነገሡትና ጎንደርን መናገሻ ካደረጉት ከአፄ ፋሲለደስ ነው። ዛሬ ደጋፊዎቹ «አፄዎቹ» የሚሏቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለእኛ ለልጆቹ ግን ንጉሡና ቡድኑ ተለያይተው አይታዩንም ነበር። ግንቡ የፋሲል፣ መዋኛው የፋሲል፣ ቡድኑም የፋሲል ነው። ከሌላ ከተማ ቡድን ሲመጣ ግንቡ ራሱ የተከበበ ይመስለን ነበር። መግቢያ ሳንቲም የሌለን ልጆች ወይ ዛፍ ላይ እንወጣለን፣ ወይ «ጋሼ ይዘውኝ ይግቡ» ብለን የማናውቀውን ትልቅ ሰው እጅ እንይዛለን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የዚህ መጽሔት አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። ዘመኑ ተለወጠ። ከእኛ አንዳንዶቹ በሌሊት፣ አንዳንዶቹ በአህያ ጭነት መሐል፣ በመተማ አድርገን ጋላባት፣ ከጋላባት ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም ገባን። ይዘነው የመጣነው ጥቂት ነበር። የቡድናችን ስም ደግሞ ከያዝነው ነገር ሁሉ ቀድሞ የተረሳው ሳይሆን አይቀርም። የአገር ቤት ሬዲዮ ሲያዝ የምንሰማው ስለ አዲስ አበባ ክለቦችና ስለ ብሔራዊ ቡድኑ ነበር። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ ስትወስድ የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ያላስለቀሰው ሰው አልነበረም። ስለ ፋሲል ግን የሚነግረን አልነበረም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ኳስ የተወለደባት ከተማ

ካርቱምን የስደት ከተማ ብቻ አድርገን እናያት ነበር። አንድ ቀን ግን ከአዲስ አበባ የመጡ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ የሆኑ አንድ የማኅበራችን አባት ክበብ ውስጥ ቁጭ አድርገው እንዲህ አሉን፦ «እናንተ ልጆች፣ የአፍሪካ ዋንጫ የተወለደው እዚሁ እናንተ ሰፈር አጠገብ መሆኑን ታውቃላችሁ?»

አናውቅም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ሱዳን ነፃነቷን ያወጀችው በጥር ወር 1956 እ.ኤ.አ. ነው። ከዓመት ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1957) የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ዓባይ ዳር ባለው ግራንድ ሆቴል ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። የኢትዮጵያው ተወካይ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እኒህ ሰው በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ አራዳ ላይ በተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ በተጫዋችነት ያደጉ ሲሆን፣ በኋላም ከ1972 እ.ኤ.አ. እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

በዚያው ሳምንት የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ስታዲየም ተካሄደ። አራት አገሮች ይጫወታሉ ተብሎ ነበር። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ግን ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልክም በማለቱ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ ልትገጥማት የነበረው ደቡብ አፍሪካን ስለነበር ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። ግብፅ ሱዳንን 2 ለ 1 አሸንፋ መጣች። የካቲት 9 ቀን በተደረገው ፍጻሜ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ረታች። አራቱንም ጎል ያስቆጠረው ኤል ዲባ የተባለው አጥቂ ነበር።

እኒያ አባት ይህን ሲነግሩን «አራት ጎል! እዚህ! ከቤታችሁ በእግር በምትደርሱበት ሜዳ ላይ!» እያሉ ትናንት የተፈጸመ ያህል ይቆጩ ነበር። ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ይፈታል። ምክንያቱም ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የሦስተኛው ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ያችኑ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋለች። ጎሎቹን ግርማ ተክሌ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አስቆጠሩ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቻኖ ነበሩ። ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለውም ሉቻኖ ነው። ሉቻኖና ኢታሎ የአሥመራ ልጆች፣ ወንድማማቾች ናቸው። በክበባችን ውስጥ ይህ ሲነገር ኤርትራዊ ጎረቤቶቻችንም እኩል ይኮሩበት ነበር።

ካርቱም ለኢትዮጵያ ቡድን ሌላም ትዝታ አላት። በ1970 እ.ኤ.አ. ሱዳን ዋንጫውን ስታዘጋጅ፣ ኮትዲቯር ኢትዮጵያን 6 ለ 1 አሸንፋለች። ሎራን ፖኩ ብቻውን አምስት ጎል አገባ። በአንድ የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታ አምስት ያገባ ሌላ ተጫዋች እስከ ዛሬ የለም። የዚያን ዓመት ዋንጫ ሱዳን ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ እዚያው አስቀረችው። ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን በቀልድ ሲያናድዱን የሚጠቅሱት ይህን ዓመት ነው። እኛም 1954ን እንጠቅሳለን። ሻዩ ይመጣል፣ ቀልዱ ያበቃል።

ልጆቻችንና ሂላል

ልጆቻችን የተወለዱት ካርቱም ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ እንናገራለን፣ በር ሲከፈት ግን ዓረብኛ ይገባል። ካርቱም ላይ ወንድ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙን ነው፤ ቀጥሎ «ሂላል ነህ ወይስ መሪኽ?» ይባላል። ሁለቱም ክለቦች የኦምዱርማን ናቸው። ሂላል በ1930 እ.ኤ.አ. የተመሠረተና ሰማያዊ የሚለብስ፣ መሪኽ ደግሞ ቀይ የሚለብስ ነው። የሂላል ደጋፊ «ሂላላብ»፣ የመሪኽ ደግሞ «መሪኻብ» ይባላል። «ሁለቱም አይደለሁም» ብሎ መልስ የለም። ስለዚህ ልጆቻችን አብዛኞቹ ሂላላብ ሆኑ። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ አንግሬብ እየተኙ አንዱ ሂላል፣ አንዱ መሪኽ የሆነበት ቤትም ነበር።

መጀመሪያ ደስ ብሎን ነበር። ልጅ ከጎረቤት ልጅ ጋር ሲጫወት ማን ይጠላል? ነገር ግን ቀስ እያለ አንድ ነገር ውስጣችንን ይበላው ጀመር። ልጆቹ የሂላልን ተጫዋቾች ስም ከነቁጥራቸው ያውቃሉ፣ የጎንደርን ሰፈር ስም ግን አያውቁም። አንዱ ልጅ ሰማያዊ መለያ ለብሶ ሲወጣ አባቱ «ይህ የሰው አገር ቡድን ነው» አሉት። ልጁም «አባዬ፣ ታዲያ የኛ ቡድን ማነው?» ብሎ ጠየቀ። አባትየው መልስ አልነበራቸውም። «ኢትዮጵያ» አሉት። ልጁ «እሱማ አገር ነው። ክለብህ ማነው?» አለ። እኒህ አባት ከእኛ አንዱ ናቸው። በዚያ ምሽት ፋሲል የሚለውን ስም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፋቸው አነሡት። ልጁ ሳቀ፤ እንዲህ የሚባል ቡድን በቴሌቪዥን አይቶ አያውቅም ነበርና።

የ2004 ጳጉሜ

ከዚያ በኋላ የ2013 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ መጣ። ለመጨረሻው ዙር ዕጣ ሲወጣ ኢትዮጵያና ሱዳን ተገናኙ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተሳተፈችው በ1982 እ.ኤ.አ. ሊቢያ ላይ ነው። ልጆቻችን ብሔራዊ ቡድናችንን በዚያ መድረክ አይተው አያውቁም ነበር።

የመጀመሪያው ጨዋታ ጳጉሜ 3 ቀን 2004 ዓ.ም. በሱዳን ሜዳ ተደረገና ሱዳን 5 ለ 3 አሸነፈች። እኛ አንገታችንን ደፍተን ተመለስን። አንድ ሱዳናዊ ጎረቤታችን ግን ሊያጽናናን መጥቶ፣ «እናንተ ያገባችሁት ሦስቱ ጎል ያስፈራኛል፤ የእንግዳ ጎል ከባድ ነው» አለን። የደርሶ መልስ ሕጉን ማለቱ ነው። ሁለቱ ቡድኖች በድምር እኩል ከሆኑ፣ ከሜዳው ውጪ ብዙ ያገባው ያልፋል። እንዳለውም ሆነ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አስቆጥረው ኢትዮጵያ 2 ለ 0 አሸነፈች። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ። እንግዳ ሆነን ያገባናቸው ሦስት ጎሎች ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መለሱን። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን የተጫወተውም በደቡብ አፍሪካ ነው። በ1957 ካርቱም ላይ በዘር ፖሊሲዋ ምክንያት ልትገጥመን ባልቻለችው አገር ማለት ነው። ይድነቃቸው ተሰማ አፓርታይድን ሲታገሉ ኖረው ይህን ቀን ሳያዩ አልፈዋል።

በዚያ ዕለት ካርቱም ሁለት ውስጥ አንድ ለየት ያለ ነገር አየን። ሂላላቡም መሪኻቡም ልጆቻችን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ለብሰው ወጡ። ለሱዳናውያን ጓደኞቻቸው ግን አልጮሁባቸውም። ይልቁንም ጓደኞቻቸው አዝነው ስለነበር አብረዋቸው ቁጭ አሉ። ይህን ማንም አላስተማራቸውም።

ዝም ብለን የተደሰትንበት ዋንጫ

ፋሲል በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። ወሬው በስልክ ደረሰን፣ «የኛ ፋሲል?» ብለን ተደነቅን። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ለዋንጫ እስከ መጨረሻው ቀን ከመቀሌ 70 እንደርታ ጋር ተፎካክሮ ሁለተኛ ወጣ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሊጉ ጨዋታዎች በሱፐር ስፖርት ቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምሩ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ቡድናችንን በዓይናችን አየነው። የተጫዋቾቹን ስም አናውቅም ነበር። እንደ ልጅ አንድ በአንድ መማር ነበረብን። አሁን ደግሞ ልጆቻችን ናቸው ከስልካቸው እያነበቡ ያስተማሩን።

በዚያው ዓመት ፋሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሣ። ያ የውድድር ዘመን በኮሮና ምክንያት በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ብቻ የተካሄደ ነበር። ስለዚህ የጎንደሩ ቡድን ሻምፒዮን የሆነው አንድም የሊግ ጨዋታ ጎንደር ላይ ሳይጫወት ነው። ከቤቱ ርቆ ዋንጫ ያነሣ ቡድን ለእኛ ለስደተኞቹ ልብ ቅርብ ቢሆን አያስገርምም።

ይሁን እንጂ ያን ዓመት ጮክ ብለን አልጨፈርንም። እውነቱ ይነገር። በጥቅምት መጨረሻ 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተጀምሮ ነበር። የትግራይ ክለቦች በዚያ ሊግ አልተሳተፉም። በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ድንበር ተሻግረው ሐምዳዬትና ኡም ራኩባ ገብተዋል። በማኅበራችን ውስጥ ደግሞ ከመቀሌም፣ ከአድዋም፣ ከጎንደርም የመጣን ሰዎች በአንድ ዕድር እንቀባበራለን። አንዳንዱ ቤት ዘመዱ በሕይወት መኖሩን አያውቅም። እንዴት ተብሎ በር ላይ ይዘፈናል? መስኮት ዘግተን ተደሰትን።

በማግሥቱ አንዲት የመቀሌ ተወላጅ ጎረቤታችን ቡና ጠራችን። ሦስተኛው ሲደርስ፣ ሲኒውን እያቀበለች «እንኳን ደስ አላችሁ። በ2011 እኛ ቀደምናችሁ፣ ዘንድሮ ተራው የእናንተ ሆነ» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፣ እኛም የምንመልሰው ቃል አጣን። የማኅበራችን ታሪክ ሲጻፍ ስብሰባውና ቃለ ጉባኤው እንደሚጻፍ እናውቃለን። ያቺ ሲኒም እንድትጻፍ ስለፈለግን ነው እዚህ ያነሣናት።

ፋሲል ካርቱም ሲመጣ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ፋሲል የሊጉ ሻምፒዮን በመሆኑ ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ አለፈ። ዕጣው ሲወጣ የመጀመሪያ ተጋጣሚው ማን ሆነ? ሂላል! የአባቶች ቡድንና የልጆች ቡድን።

በአዲሱ ዓመት 2014 ዋዜማና መግቢያ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታ በባሕር ዳር ተደርጎ 2 ለ 2 አለቀ። ለመልሱ ጨዋታ አራት ቤተሰቦች በአንድ ግቢ ተሰበሰብን። መብራት የሚጠፋበት ሰሞን ስለነበር ጄኔሬተሩ ከቀኑ ጀምሮ ተዘጋጀ። ልጆቹ ሰማያዊያቸውን ለብሰው በአንድ በኩል፣ እኛ ጋቢያችንን ለብሰን በሌላ በኩል ተቀመጥን። እናቶች መሐል ላይ ቡናቸውን አቀራርበው፣ «ዛሬ ማንም ቢያሸንፍ እራት አንድ ላይ ነው» ብለው አስቀድመው አወጁ።

ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ድምሩ 3 ለ 3 ነው። ሂላል ግን ባሕር ዳር ላይ ሁለት ስላገባ አለፈ። በ2005 ያሳለፈን ያው የእንግዳ ጎል ሕግ በ2014 አስቀረን። ልጆቹ ዘለው ተነሡ፤ ወዲያው የአባቶቻቸውን ፊት አይተው ተቀመጡ። ቀደም ሲል «ክለብህ ማነው?» ብሎ የጠየቀው ልጅ፣ አሁን ትልቅ ጎረምሳ ሆኗል፣ ከአባቱ አጠገብ መጥቶ «አባዬ፣ ቡድንህ ጥሩ ነው። አልተሸነፈም እኮ» አለ። እውነት ነው፤ ፋሲል በሁለቱም ጨዋታ አልተሸነፈም። አባትየው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ስለ ጨርቅ ኳስ፣ ስለ አባታቸው ካልሲ መናገር ጀመሩ። ከኳሱ ወደ ሜዳው፣ ከሜዳው ወደ ጓደኞቻቸው፣ ከጓደኞቻቸው ወደ መተማ መንገድ ሄዱ። በዚያ መንገድ አብረዋቸው ተነሥተው ያልደረሱትን ልጆች በስም ጠሩ። ልጃቸው ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። እኛ ጓደኞቻቸውም ያን ያህል አልሰማንም ነበር። ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨርሶ ሲጠፋ በጨለማ ውስጥ ቀጠሉ።

በዓመቱ፣ በመስከረም ማለቂያና በጥቅምት መግቢያ 2015 ዓ.ም.፣ ሂላል በዚያው ውድድር ቅዱስ ጊዮርጊስን ገጠመ። ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን 2 ለ 1 አሸነፈ፣ ሁለተኛውን ሂላል 1 ለ 0 ወሰደ። ድምሩ 2 ለ 2 ሆኖ አሁንም በእንግዳ ጎል ሂላል አለፈ። የ1949ኙን ፍጻሜ የነገሩን አዛውንት ያን ዕለት «አይ እንግዳ! አይ እንግዳ!» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከእኛ ውስጥ የሳቀም ያዘነም ነበር። በዚያ ግቢ አብረን ያየነው የመጨረሻው ጨዋታ እሱ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር?

ሁላችንም እንግዳ ስንሆን

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ሹር ነበር። ዶሮው ተገዝቶ፣ ዳቦው ተቦክቶ ነበር። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም የረመዳን መጨረሻ ላይ ነበሩ። ጠዋት ተኩስ ተሰማ። ፋሲካን የፈታነው መኝታ ቤት ወለል ላይ ተኝተን፣ ከመስኮት ርቀን ነው። ውኃና መብራት ሲቋረጥ፣ ዳቦ ቤት ሲዘጋ፣ ካርቱም ሁለትን ለቀን ወጣን። አንዳንዱ በፖርት ሱዳን፣ አንዳንዱ በግብፅ ድንበር፣ አንዳንዱም ድሮ በመጣበት መንገድ፣ በገዳሪፍና በጋላባት አድርጎ መተማ ገባ። በወጣትነቱ በሌሊት የተሻገራትን ድንበር በሽበቱ፣ በቀን፣ ከልጆቹና ከልጅ ልጆቹ ጋር ተሻገረ። አገር ቤት የገቡትም ዕረፍት አላገኙም። በአማራ ክልልም በዚያው ዓመት ክረምት ግጭት ተነሥቶ መንገዱ ተዘጋ።

ያ ጎረምሳ ከአባቱ ጋር በመጨረሻ ጎንደር ደረሰ። አባቱ በልጅነት ሲነግሩት የሳቀበትን ከተማ በእግሩ ዞረ። ከዚያ አንድ ፎቶግራፍ ላከልን። አባትየው ሜዳው አጠገብ ቆመዋል፣ እሱ ከጎናቸው ነው። ከካርቱም ሲወጣ በያዛት አንዲት ትንሽ ሻንጣ ውስጥ ምን ይዞ ኖሯል? ሰማያዊውን የሂላል መለያ። እሱን ለብሷል። አባቱ ትከሻውን አቅፈውታል። ከፎቶው ሥር «ሁለቱም የኔ ናቸው» ብሎ ጽፎልናል።

ድሮ ቢሆን ይህ ቃል ያስቆጣን ነበር። ሰው አንድ አገር፣ አንድ ቡድን ብቻ ሊኖረው ይገባል ብለን እናስብ ነበርና። አሁን ግን ገባን። ልጁ ሂላልን ባይወድ ኖሮ የአባቱን ፋሲል አይጠይቅም ነበር። ቡድን መውደድ ምን ማለት እንደሆነ የተማረው ካርቱም ላይ ነውና፣ አባቱ ምን እንዳጡ ሊረዳ የቻለውም በዚያው ነው።

የሚያሳዝነው፣ ሂላልም ስደተኛ ሆኖ ነበር። በጦርነቱ ምክንያት ሂላልና መሪኽ ከሱዳን ወጥተው፣ በ2024/25 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን በሞሪታኒያ ሊግ በእንግድነት ተጫውተዋል። የእኛም ብሔራዊ ቡድን፣ በአገር ቤት ያሉት ስታዲየሞች የአህጉሩን መመዘኛ ባለማሟላታቸው፣ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሜዳው ሊጫወታቸው የሚገቡ ጨዋታዎችን በማላዊ፣ በሞሮኮና በሌሎች አገሮች ለማድረግ ተገድዶ ነበር። ካርቱም ላይ የአፍሪካን ዋንጫ አብረው የጀመሩት ሁለቱ ጎረቤታሞች ሁለቱም የሰው ሜዳ ለምነው ተጫወቱ።

ለልጆቻችን

የማኅበራችን ኢዮቤልዩ በካርቱም ሁለት፣ በለመድነው ግቢ፣ በለመድነው ድንኳን ቢከበር በወደድን ነበር። እግዚአብሔር አልፈቀደም። መጽሔቷ በየአገሩ ለተበተነው ቤተሰብ በየፊናው ትደርሳለች። ስለዚህ ለልጆቻችን ሦስት ነገር ብቻ አደራ እንላለን።

አንደኛ፣ አባቶቻችሁንና እናቶቻችሁን «ቡድናችሁ ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ስደታቸው በቀጥታ ብትጠይቋቸው ላይመልሱ ይችላሉ፤ ስለ ኳስ ብትጠይቋቸው ግን ሁሉም ይወጣል። እኛ አይተነዋል።

ሁለተኛ፣ ፋሲልም ሆነ ጊዮርጊስ፣ ቡናም ሆነ መቀሌ፣ የአንዱ ደስታ የሌላው ሐዘን በሆነበት ቀን ያቺን ሲኒ ያቀበለችንን ጎረቤታችንን አስቡ።

ሦስተኛ፣ ካርቱም ሰላም ሆና ስታዲየሟ ሲሞላ፣ ከመካከላችሁ የቻለ ሄዶ ይይልን። ሂላል ቢጫወት ለሂላል ያጨብጭብ። የኢትዮጵያ ቡድን በእንግድነት መጥቶ ቢያገባ ደግሞ ተነሥቶ ይጩህ። ያ ሱዳናዊ ጎረቤታችን እንዳለው፣ የእንግዳ ጎል ከባድ ነው።

ለሱዳን ሰላም፣ ለአገራችን ሰላም፣ ለማኅበራችንም ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። የከርሞ ሰው ይበለን።